የሰኞ ወረቀት

ሰሜን ሚሺጋን፣ ሰኞ ማለዳ፤ ሐይቁ ከዳር እስከ ዳር ጨው ይመስላል፤
በረዶ የሚጠርገው መኪና ሲሄድ ሲመለስ ይውላል።
እኔ ማተሚያው ፊት ቆሜ፣ ጓንቴን በጥርሴ አውልቄ፣
የኮሌጁን ዜና አወጣለሁ፣ ከየቢሮው ለቅሜ፣ ለምኜ፣ ጠይቄ።

መኪና ማቆሚያ «ለ» እስከ ሐሙስ ዝግ ነው፤ ቧንቧ ፈንድቶ ይቆፈራል።
(ባለፈው ወር «ሀ» ነበር። በሚቀጥለው «ሐ» ይሆናል፣ ማን ያውቃል።)
አዲሱ የነርሲንግ አሻንጉሊት፣ የሚደማው፣ የሚያስለው፣
ከነሣጥኑ ደርሷል፤ ስም አውጡለት፤ እስካሁን ስም የለው።
ሦስት ሰዎች ጽፈውልኛል፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው፤
ሁለቱ የዲኑን ስም ነው ያቀረቡት፤ አላተምኩላቸው።

ኦድሪ ሲርኪላ፣ የመዝገብ ቤቷ፣ ጉልበቷን ኦፕራሲዮን ሆና ተመልሳለች፤
ደረጃ ግን አልወጣም፣ ጉዳይ ያለው ይውረድ ብላለች።
የሒሳብ መምህር ፈልገን ሁለቴ ማስታወቂያ አወጣን፤
አንዱ መጣ፤ ነፋሱን ቀመሰና ከአውሮፕላን ማረፊያው ተሰናበተን።

ከታች በስተግራ በኩል የጡረተኞች ጥግ አለ፤
ሦስት መስመር ነው የሚደርሰው፣ አምስትም አርባም ዓመት ያገለገለ።

ዘንድሮ ተራው የቶይቮ ካንጋስ ነው፣ የብየዳው መምህር።
ዓርብ ወረድኩ ምድር ቤት፤ ጭስ፣ የተቃጠለ ቀለም፣ የብረት ፍርፋር።
እጁን አነሣ፤ «ቆይ» ማለቱ ነው፤ ቆየሁለት፤
ሠላሳ አራት ዓመት የቆየ ሰው ነው፣ አንዲት ደቂቃ ምን አላት።

ጭምብሉን ወደ ግንባሩ ገፋ፤
ብረቱ ላይ የቀረው ቀይ መስመር እንደ ሰነፍ ተማሪ እያመነታ ጠፋ።
«ምን ልጻፍልህ?»
«ቁልፉን መለሰ በይ።»
«ሌላስ?»
«ሌላ ምን አለ? ይልቅ ብረቱ ገና ትኩስ ነው፤ ወደዚያ በይ።»
«የወደቡን ማንሻ የጠገኑት፣ ድልድዩን የገጠሙት ልጆችህስ?»
«ስማቸው ገጹን ይሞላዋል፤ አሻንጉሊቱ የት ሊገባ? የኦድሪ ጉልበትስ?»

ቁልፍ መረከቢያ ቅጽ አለን፤ ቁጥር፣ ሕንፃ፣ በር፣ ፊርማ።
ዐሥራ ዘጠኝ ቁልፍ ዘረገፈ፤ ድምፁ ሁለተኛ ፎቅ ተሰማ።
ዐሥራ ስምንቱን ከየበራቸው አገናኘሁ፤
አንዱን ግን መዝገቡን ሦስት ጊዜ ገልብጬ አጣሁ።
ነሐስ ነው፤ ጥርሱ ያለቀ፣ ቁጥሩ በአውራ ጣት የተሟጠጠ፣
ከኪስ ኪስ ሲዞር ኖሮ እንደ ከረሜላ የተመጠጠ።

«አሮጌው ወርክሾፕ» አለኝ ቶይቮ፣ ወደ መስኮቱ ሳያይ።
እኔ አየሁ። ቢጫ መቆፈሪያ፣ ብርቱካናማ አጥር፣ ከላይ ሰማይ።
መኪና ማቆሚያ «ለ»። አስፋልቱ ክንድ ያህል ተልጦ በወጣበት
አሮጌ ሲሚንቶ ይታያል፤ የብልጭታ ጠባሳ የዘነበበት።
«ሲያፈርሱት ለምን አልመለስክም?»
«የጠየቀኝ የለ።»
ይህን ብሎ ምሳውን ፈታ፤ ፓስቲ ነው፣ ሥጋና ድንች፤ ግማሹን ቆርሶ አካፈለ።

ቅጹ ላይ፣ «በር» ከሚለው ፊት፣ «መኪና ማቆሚያ ለ» ብዬ ሞላሁ።
ከሰዓት ኦድሪ ደወለች፤ «የታመምኩት ጉልበቴን እንጂ ጭንቅላቴን አይደለም፤ ማቆሚያ በር የለውም እላለሁ!»
«አለው» አልኳት።
ብዙ ዝም አለች።
«በሐይቁ በኩል የነበረው?» ብላ ማኅተሟን መታች።

በወረቀቱ አንድ መስመር አለችው፤ ሁለቱን ባዶ ተውኳቸው፤
ስሕተት ነው ብለው ይደውላሉ፤ ይደውሉ፤ ቦታው የሱ ነው፣ ምን አገባቸው።

ሐሙስ ጉድጓዱ ይደፈናል፤ ዓርብ መስመሩ ይቀባል፤
በሚቀጥለው ሰኞ አንድ ሰው፣ ሳያውቀው፣ በዚያ በር ከነመኪናው ይገባል።